የውጭ ግድግዳ ስንጥቅ በጀሶ አይሞላም

መነሻ ጽሑፍ

ነሐሴ ሲጋመስ ቀለም ሱቅ በር ላይ መቆሚያ ይጠፋል። ለእንቁጣጣሽ ቤትን አሳምሮ መቀበል የቆየ ልማዳችን ስለሆነ እሱን የሚቃወም የለም። እኔን የሚያበሳጨኝ አሠራሩ ነው። ቀለም ቀቢው ይመጣል፣ በውጭ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች በጀሶ ያሽጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ሁለት እጅ ቀለም ይደርብና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላ ያው ስንጥቅ በዚያው ቦታ አዲሱን ቀለም ቀድዶ ይወጣል። ባለቤቱ ቀለሙ ነው ይላል፣ ቀቢው ግድግዳው ነው ይላል፣ ግንበኛውማ ከሄደ ቆይቷል።

እኔ የምተዳደረው አዲስ አበባና ዙሪያዋ በልስንና በጥገና ሥራ ነው። ሁለት ነገር አምናለሁ። አንደኛ፣ ጀሶ የቤት ውስጥ ዕቃ ነው። ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ቀስ በቀስም ይሟሟል። ርጥብ ግድግዳ ላይ ከሲሚንቶ ጋር ሲቆይ ደግሞ በውስጡ ያለው ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ የሚያብጥ ነገር ይፈጥራል፣ እሱም ልስኑን ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ ስንጥቅ መጠገንና ቀለም መቀባት ሁለት ሥራ ናቸው። በአንድ ቀንና በአንድ ዋጋ ሲጠቃለሉ ሁልጊዜ የሚጎዳው ጥገናው ነው።

ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ጳጉሜን ላይ አይደርቅም። እኔ ብጠየቅ ነሐሴ ላይ ስንጥቁ ይመዝገብ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ይጠገን፣ ኅዳር ላይ ይቀባ ነው የምለው። የተለየ ልምድ ያላችሁ ጻፉ።

ክሩ (የውይይቱ ሰንሰለት) ስለረዘመ አዲስ ለሚመጣ ሰው እንዲያመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አባባል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ያልተስማማሁበትንም እዚያው ጠቅሻለሁ።

መልስ 1

ሲኤምሲ አካባቢ ቤት የሠራች እህት ናት ውይይቱን የከፈተችው። በትሕትና አመስግና፣ ዓምና የተለሰነው የቤቷ አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን መስመር መሸፈኑን ጻፈች። አንድ ግንበኛ ልስኑ በሙሉ ተነቅሎ እንደገና ይሠራ እንዳላት፣ ለዚያ ግን አቅሟ እንደማይፈቅድ ገልጻ ሌላ መንገድ ካለ ጠየቀች።

መልስ 2

የአዳማ ልስን ሠራተኛ ፈጥኖ መለሰላት፤ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት መልሶች አንዱ የእሱ ነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ የሚመጣው ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ መሆኑን አስረዳ። ብዙ ባለሙያ ሲሚንቶ ሲበዛ ልስን የሚጠነክር ይመስለዋል፤ ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ግን ሲደርቅ ይበልጥ ይሸበሸባል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ሲጨመር፣ ጠዋት የተለሰነ ግድግዳ ውሃ ካልጠጣ ከሰዓት በኋላ ላይ መስመር ማውጣት ይጀምራል። እሱ የፀሐዩን አቅጣጫ እያየ ጥላ ያለበትን ጎን እንደሚለስን፣ ከዚያም ግድግዳው ላይ ርጥብ ጆንያ ሰቅሎ ጠዋትና ማታ ውሃ እንደሚያጠጣ ጻፈ።

ለእህታችን የሰጣት ምክር ቀላል ነው። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳች ትዙረው። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ልስን ተጣብቆ ስላለ አይነቀልም፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ተቀብቶ ለውጭ በሚሆን መሙያ በስሱ ይሸፈናል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይውጣ። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ግድግዳ ሙሉ ይነቀል የሚል ሰው አስቀድሞ አንኳኩቶ ያሳይ።

መልስ 3

ሌላ ሰው አሸዋው ተረሳ ብሎ አከለበት። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ብዙ ውሃ ስለሚጠይቅ ስንጥቅ ያመጣል። የኢትዮጵያ ደረጃ በአሸዋ ውስጥ የሚፈቅደው ደለል ከ6 በመቶ አይበልጥም። ቤት ውስጥ ለመሞከር ባለ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ አሸዋ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሮ መናጥና ማሳደር ነው። ጠዋት ላይ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይታያል፤ በማስመሪያ መለካት ነው የሚቀረው።

መልስ 4

እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። አንድ ቀለም ቀቢ በቁጣ ገባ። ሥራውን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚሠራ፣ ጀሶን ከነጭ ኮላ ጋር ለውሶ ስንት ቪላ እንዳሳመረ፣ ተመልሶ የከሰሰው ደንበኛ እንደሌለ ጻፈ። የእኔንም ጽሑፍ ወጣት ቀቢዎችን እንጀራ የሚያሳጣ አድርጎ አየው። ኮላው ጀሶውን ከውሃ ይጠብቀዋል ሲልም ተከራከረ።

ለኮላው ነገር እዚያው መልሻለሁ፦ ተራው ነጭ ኮላ ራሱ ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳል። ስለ ሙያው ግን የተናገረውን አልናቅሁም፤ እጁ ጥሩ የሆነ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

መልስ 5

አንድ መሐንዲስ ለቀቢው በሰላ አንደበት መለሰለት። የተሳሳተ ነገር ለረጅም ዘመን መሥራት ልምድ ተብሎ አይቆጠርም ዓይነት ነገር ነበር፤ አነጋገሩ ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር። ቀጥሎ የጻፈው ግን ለሁላችንም የሚጠቅም ስለሆነ ረዘም አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ስንጥቅ ከመሞላቱ በፊት መነበብ እንዳለበት፣ አቅጣጫው ምክንያቱን እንደሚናገር አስረዳ። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ከሆነ፣ ጭነቱ ጥጉ ላይ ተከማችቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ በላይ ያለው ሊንቴል አጥሮ ነው፤ በሁለቱም ጎን ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳው ላይ መቀመጥ ነበረበት። ከኮለን (ከኮንክሪት ምሰሶ) ጎን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ኮንክሪቱና ብሎኬቱ በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ ነው፤ በሁለቱ መገናኛ ላይ ከልስኑ ሥር የዶሮ ሽቦ ቢለጠፍ ኖሮ ባልመጣ። ከሶሌታው (ከኮንክሪት ጣሪያው) ሥር አግድም የሚሄደው የሙቀት ሥራ ነው። ኮንክሪት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከርዝመቱ አንድ መቶ ሺህኛ ያህል ስለሚለጠጥ፣ 10 ሜትር ሶሌታ በቀንና በሌሊት መካከል 20 ዲግሪ ሲለዋወጥበት 2 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በበጋ የአዲስ አበባን ቀንና ሌሊት የሚያውቅ ሰው ፀሐይ የሚመታው ሶሌታ ይህን ያህል ቢለዋወጥ አይገርመውም። ቡናማ የዝገት ዕድፍ ይዞ ቀጥ ባለ መስመር የሚሄድ ከሆነ ውስጥ ያለው ፌሮ ዝጓል፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅላል። የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ከመሠረት ነው፤ እዚያ ላይ ቀለም ማሰብ ይቆየን ሲል ዘጋ።

መልስ 6

ቡልቡላ የሚኖር ሰው የመጨረሻውን አንብቦ ደነገጠ። የእሱ ግድግዳ ልክ እንደተባለው ደረጃ ሠርቷል፣ በጋ ሲሆን ይሰፋል፣ ክረምት ላይ ጠበብ ይላል። አጥሩ ጥግ ባሕር ዛፍ አለ፣ አሸንዳ የለውም፣ የጣሪያው ውሃ በቀጥታ ግድግዳው እግር ሥር ይወርዳል።

መልስ 7

መሐንዲሱ አሁን ለስለስ ብሎ መለሰ። የአካባቢው አፈር ጥቁር አፈር፣ መረሬ የምንለው ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ባሕር ዛፉ በበጋ ከሥር ያለውን ርጥበት ይስበዋል፣ አሸንዳ የሌለው ጣሪያ በክረምት ያንኑ ቦታ ያጥለቀልቀዋል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው መሠረቱን ያንገላቱታል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ አሸንዳ ላይ፣ ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ውሃውን ወደ ውጭ በሚያፈስ ንጣፍ ላይ ይዋል። ባሕር ዛፉንም በአንድ ጊዜ ቆርጦ መጣል ሌላ እብጠት ሊያመጣ ስለሚችል ባለሙያ አይቶት ቢወሰን ይሻላል አለ። ይህን እኔ ራሴ አላውቀውም ነበርና ተምሬበታለሁ።

መልስ 8

በዕድሜ የገፉ አንድ አባት የድሮ ግንበኞች ብልሃት አስታወሱን። ስስ የመስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ጫፍና ጫፉን በሲሚንቶ መለጠፍ፣ ቀኑንም ከጎኑ መጻፍ ነው። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው፤ ዓመት ዞሮ ደህና ከሆነ ስንጥቁ የቆመ ነው። በጣሊያን ጊዜ ከሠሩ ግንበኞች እንደተማሩት ጻፉ።

መልስ 9

ሌላው ጋሼን በአክብሮት አረማቸው። መስታወቱ መንቀሳቀሱን እንጂ ስንት እንደሄደና ወዴት እንደሄደ አይነግርም፤ በፀሐይ ሙቀትም ሲሚንቶው ሊለቅና ሊያሳስት ይችላል። እሱ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ምስማሮች መትቶ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየወሩ መለካቱን ይመርጣል። የስንጥቁን ጫፍም በእርሳስ ቆርጦ ቀን መጻፍ፤ ምልክቱን አልፎ ከሄደ እየረዘመ ነው። አባታችን ምክሩን በደስታ ተቀበሉት። ክሩ ውስጥ እርማት እንዲህ ባለ መንገድ ሲሰጥና ሲወሰድ ማየት ደስ ይለኛል።

መልስ 10

ከሎንዶን አንድ ወንድም የእንግሊዝ የሕንፃ ምርምር ተቋም የስንጥቅ ደረጃ አወጣጥ አካፈለን። እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ያለው ከቁጥር አይገባም፤ እስከ 1 ሚሊ ሜትር በተለመደው የቀለም ሥራ ውስጥ የሚስተካከል ነው፤ እስከ 5 ድረስ በቀላሉ ይሞላል፣ ከ5 በላይ ሲሆን ግን ከፍቶ ማየትና ግንበኛ መጥራት ያስፈልጋል፤ ከ15 እስከ 25 ግድግዳ እስከ መቀየር ያደርሳል፤ ከ25 በላይ ለሕይወትም ያሰጋል። ስፋት ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ፣ ስንጥቁ ያለበት ቦታም እንደሚታይ ጨመረ።

መልስ 11 እና 12

አንዱ የሎንዶን ቁጥር ቡልቡላ ላይ አይሠራም ብሎ በንቀት አጣጣለው፤ ፈረንጅ የጻፈውን ሁሉ እንደ ወንጌል መቀበል ይብቃን አለ። የሎንዶኑ ወንድም አልተቆጣም። የሎንዶንም መሬት ሸክላ አፈር መሆኑን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በነበረው ከባድ ድርቅ አፈሩ ደርቆ ብዙ ቤቶች መሰንጠቃቸውን፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ የኢንሹራንስ ትልቅ ጉዳይ መሆኑን አስረዳ። ዛፍ ከቤት ጋር ያለው ጣጣ እዚያም አለ። እንደኔ ሰውዬው በአፈሩ በኩል ተረትቷል።

መልስ 13

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማውን የመሬት መንቀጥቀጥ ያነሣች አንዲት እናት ነች። ከዚያ ሌሊት ወዲህ በሳሎኑ ውጭ ግድግዳ ላይ መስመር ማየቷን፣ ልጆቿም እዚያ ክፍል ለመተኛት መፍራታቸውን ጻፈች።

መልስ 14

መሐንዲሱ መልሱን በጥያቄ ጀመረ፦ መስመሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት ሰያፍ መስመሮች በመስቀለኛ ይገናኛሉ? በኮለኖች መካከል ያለ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ የሚያወጣው በመስቀለኛ የሚቋረጥ ስንጥቅ ነው። አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ቀድሞ የነበረና ያን ሌሊት በድንጋጤ የታየ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ከብሎኬቱ አልፎ ኮለኑ ወይም ቢሙ ላይ ከገባ ግን ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ይየው አለ። እናትየዋ በኋላ ኮለኑ ንጹሕ መሆኑን አይታ ጽፋለች፤ ሁላችንም ተንፈስ አልን።

መልስ 15

ሜሪላንድ የሚኖር ሰው የእነሱን ችግር አወጋን። በክረምት ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ሲበርድ ይረጋል፣ ሲረጋም በመጠኑ ላይ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቀጭኗን ስንጥቅ ያሰፋታል። ስለዚህ እነሱ በረዶ ሳይመጣ መጨረስ አለባቸው። ሌላም ነገር አነሣ፦ አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሲፋቅ ጥንቃቄ አለው። እኛ ዘንድም አሮጌ የዘይት ቀለም በደረቁ እየፋቃችሁ አቧራውን ልጆች በሚጫወቱበት አታቡንኑ፤ አርጥባችሁ ፋቁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

መልስ 16

የጎንደር እህታችን ስለ ኖራ ጻፈች፤ በጣም ወደድኩት። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በኖራ የተገነቡ ናቸው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፤ ያ ጥገና ስላልተስማማቸው በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠራው ሥራ ወደ ኖራው ተመለሱ። ኖራ ይተነፍሳል፣ ትንሽ ይለጠጣል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅም በዝናብ ውሃ ሟሙቶ በራሱ ሊገጥማት ይችላል። ጠንካራ ሲሚንቶ በለስላሳ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል። የምትለው በአጭሩ፣ መሙያው ከግድግዳው የበለጠ እንዳይጠነክር ነው።

መልስ 17

ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ይህንኑ ወደ ጭቃ ቤት አመጣው። ስንት የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ተለስኖ እንደ ቅርፊት ሲላጥ አይቷል። እንጨቱና ጭቃው ከርጥበትና ከፀሐይ ጋር ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲሚንቶው አይከተላቸውም። እናቱ ጭቃውን ከጭድ ጋር አብኩተው ለቀናት ካሳደሩ በኋላ ስንጥቁን በእጃቸው እየሞሉ፣ በርጥብ ጨርቅ እያለሰለሱ፣ በመጨረሻ በእበትና በአፈር ለቅልቀው ይጨርሱ ነበር። ያን ግድግዳ ከመቀባት በኖራ ማንጣቱ ይበልጥ ያቆየዋል፤ አየር የማያሳልፍ ቀለም ጭቃ ግድግዳ ላይ አይሆንም። ሲሚንቶ ማለት ሥልጣኔ ነው ብለን ያሰብን ብዙዎች ይህን ብናነብ ጥሩ ነው።

መልስ 18 እስከ 21

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የውጭ ግድግዳ ጥገና የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሌላው በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የጋራ ሕንፃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 370 ጠቅሶ፣ የውጭ ግድግዳ የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ ማኅበሩ ነው የሚጠግነው አለ። ሦስተኛው ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ሰው እንደማይመጣ ሲያማርር፣ አራተኛው ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ዳር ስለበዛው ግራጫ ቀለም አነሣና ሁሉም የየራሱን ምርጫ ጻፈ። ስለ ውበቱ ክርክር ሌላ ክር ይከፈትለት። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ጠቆር ያለ ቀለም ፀሐይ ስለሚስብ ግድግዳው ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥ ይለጠጣል። ስንጥቅ የበዛበትን የምዕራብ ጎን ጠቆር ያለ ቀለም አትቀቡት።

መልስ 22

ክሩን ለመመለስ እኔ ራሴ የምሠራበትን መንገድ ጻፍኩ።

ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆና የቆመች ስንጥቅ መከፈት አያስፈልጋትም። በሽቦ ብሩሽ ትጠረጋለች፣ ትታጠባለች፣ ስትደርቅ ፕራይመር ይገባባታል፤ ከዚያ ለውጭ የሚሆን የአክሪሊክ መሙያ በእስፓቱላ ስንጥቋን አቋርጦ ይጎተታል። በስንጥቋ ርዝመት ከተጎተተ መሙያው ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባም።

ከዚያ የሰፋችውን ግን መክፈት ያስፈልጋል። ጫፏ የተቆለመመ አሮጌ ካቻቢቴ አለኝ፤ በእሷ ስንጥቁን ከላይ ወደ ታች እጎትታለሁ፣ አፉ ሰፍቶ ታቹ የጠበበ ቦይ እስኪሆን። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይበቃል። ሲጎተት ከጎኑ እየተፈረፈረ የሚወርድ ልስን ካለ እሱም ይውጣ፤ የማይፈረፈረው ላይ ስንደርስ እናቆማለን። አቧራው በብሩሽ፣ ቀጥሎ በብስክሌት ፓምፕ ይነፋል። አቧራው ሳይወጣ ከተሞላ መሙያው የሚይዘው አቧራውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ከዚያ በቀለም ብሩሽ ውሃ ይጠጣል፤ የውሃው ማብረቅረቅ እስኪጠፋ ይጠበቃል። በደረቅ ላይ ከተሞላ ግድግዳው የመሙያውን ውሃ ይመጥበታል፣ ውሃ በቆመበት ላይ ከተሞላ አይይዝም።

መሙያው 1 ለ 3 ሲሚንቶና በደቃቅ ወንፊት የተነፋ አሸዋ ነው፣ በውሃው ውስጥ ለሲሚንቶ የሚሆን ላቴክስ ተጨምሮበት። መጀመሪያ ታቹን መጥቅጠቅ፣ ሲጠነክር ሁለተኛውን ከግድግዳው ጋር እኩል ማድረግ። በርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ማጠጣት። ሰፊ ከነበረ በላዩ ላይ የፋይበር መረብ ለጥፎ በስሱ ማልበስ። አዲስ የሲሚንቶ ሥራ 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም ባይነካው ይመረጣል፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ያቃጥላል፣ ነጭ የጨው ዱቄትም ያወጣል። ግድግዳው ስለመድረቁ ለሚጠራጠር፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ከላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ካለ አልደረቀም።

ሶሌታው ሥር ያለችውና ከሙቀት ጋር የምትሄደው ግን በሲሚንቶ አትሞላም። የምትለጠጥ ማሸጊያ ያስፈልጋታል፤ በሲሚንቶ የዘጋናት ከጎኗ ሌላ ትከፍታለች።

መልስ 23

አንድ ሰው ሲሊኮን ቢደረግስ ብሎ ጠየቀ። የአዳማው ባለሙያ መለሰ፦ ሲሊኮን ይለጠጣል፣ ቀለም ግን አይቀበልም። ቀለሙ በላዩ ላይ እየተሸበሸበ ይንሸራተታል፣ የስንጥቁ መስመርም ይባስ ጎልቶ ይታያል። ቆርቆሮው ላይ ቀለም ይቀበላል ተብሎ የተጻፈበትን የአክሪሊክ ወይም የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ መግዛት ነው።

መልስ 24

ሌላው ደግሞ ኳርትዝ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አለ። ከፊል እውነት አለው። ኳርትዝ በቆመች ፀጉር ስንጥቅ ላይ ጥሩ ይሸፍናል፣ ሸካራነቱም ዓይን ያታልላል። የምትንቀሳቀሰውን ግን አይችላትም። ውሃ አብዝቶ ቀጥኖ ከተቀባ ደግሞ ውፍረቱ የለም፣ ገንዘቡ ግን ወጥቷል።

መልስ 25

በመልስ 4 የተቆጣው ቀለም ቀቢ ተመለሰ። ቁጣው በርዶ ነበር፣ የጻፈውም ከቁጣው ይልቅ የሚያሳስብ ነው። መሐንዲሱ የጻፈውን ሁሉ እንዳነበበና እንደማይክደው፣ ነገር ግን ቀቢ የሚከፈለው በካሬ መሆኑን አስረዳ። ስንጥቅ ቢያይ ባያይ ዋጋው ያው ነው። አንዱን ስንጥቅ ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ሞልቶ፣ ውሃ አጠጥቶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ሌላ ቤት ቀብቶ የሚጨርስበት ነው። ደንበኛው ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን እንዲያልቅ ይፈልጋል፣ ለመሙያ ግዢ ሳንቲም አይሰጥም። ጀሶ የሚጠቀመው ርካሽ ስለሆነና ቶሎ ስለሚደርቅ ነው። ሌላ ዕቃ ይግዛልኝ፣ ጊዜ ይስጠኝ፣ እኔ ጀሶ አልወድም ሲል ጨረሰ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መነሻ ጽሑፌ ላይ ቀቢውን ብቻ የሚወቅስ የሚመስለውን ነገር ሰፋ አድርጌ ማየት ይገባል ብዬ ጻፍኩ። ዋጋው በካሬ ብቻ እስከተቆረጠ ድረስ የትኛውም ምክር ግድግዳው ላይ አይደርስም።

መልስ 26

የሲኤምሲዋ እህት ናት መፍትሔውን ያመጣችው። በውሏ ላይ የስንጥቅ ጥገናን ከቀለሙ ለይታ በሜትር እንዲከፈል ማድረጓን ነገረችን። ሥራው ሳይጀመር ከባለሙያው ጋር ግድግዳውን ዞረው እያንዳንዱን ስንጥቅ በጠመኔ አሰመሩ፣ ርዝመቱን ለኩ፣ ስልኳ ላይ ፎቶ አነሳች። መሙያውን የገዛችው እሷ ናት። የጥገናው ክፍያ ወዲያው፣ የቀለሙ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ። ለመዶሻው ምርመራ ለብቻው የቀን ሒሳብ ከፍላዋለች፤ በመጨረሻ ይነቀላል ከተባለው ልስን የተነቀለው ከመስኮቱ ሥር ያለችው ጥግ ብቻ ሆነች።

መልስ 27

ቀቢው በሜትር ሲሰላ ሁለት ዋጋ ይውጣለት አለ፦ ሳይከፈት ለሚሞላ አንድ፣ ተከፍቶ መረብ ለሚለጠፍበት ሌላ። ከመሰላል በላይ ላለውም መወጣጫ የሚያቆመው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይጻፍ። መሐንዲሱ አዎንታውን ሰጠ፣ በመልስ 5 ስለተናገረውም ይቅርታ ጠየቀው። እኔም በቀጣይ ሥራዬ ውል ላይ እነዚህኑ ሁለት መስመሮች አስገብቻለሁ፤ መወጣጫውን አቅራቢው ባለቤቱ እንዲሆን ተስማምተናል።